ባሕር በኩል ያለው አልጋ

በአሰብ ወደብ የት እንደሚበላና የት እንደሚታደር አሳምሬ አውቃለሁ። አሰብን ግን አይቻት አላውቅም። ባሕርን ራሱ ያየሁት አንድ ጊዜ፣ ከአውሮፕላን መስኮት፣ ከላይ ነው። የማውቀውን ሁሉ የነገሩኝ አንድ አዛውንት ናቸው። የነገሩኝም አሜሪካ፣ እንግልውድ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም፣ ፓርኪንጉን ከሚያሳይ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ከገቡ ጥቂት ዓመት ሆኖ ነበር። ከእናቴ ጋር ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለ አፓርታማ እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት እንግልውድ ወርጄ አዛውንት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ ገብቼ ልጆቼ በሚሆኑ ተማሪዎች መካከል እቀመጣለሁ። ልጅ የለኝም፤ ቢኖሩኝ ማለቴ ነው።

ትምህርት ዘግይቶ የደረሰኝ ሰው ነኝ። ምክንያቱን ልናገር፤ የቀረው ነገር ሁሉ ከዚያ ስለሚመጣ።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሰባት ዓመቴ ላይ አሰብ ጭነት ሊያደርስ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው ወደቡ ላይ ቆሞ ተገኘ። ጭነቱ ተራግፏል፣ ቁልፉ ካረፈበት ቤት ተቀምጧል፣ እሱ የለም። ባለመኪናው መጥቶ ይህን ለእናቴ ነገራትና ሄደ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ወሬ ብቻ ነው። አንዱ በጀልባ ተሻግሮ የመን ገባ አለ። ሌላው እዚያ ሚስት አግብቷል፣ ሱቅ ከፍቷል አለ። ሦስተኛው ሴትየዋን በዓይኔ አይቻታለሁ እስከማለት ደረሰ። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፤ መርዶ አልመጣላትማ። ሌላ ባልም አላገባችም፤ ፍቺ አልመጣላትማ። እኔ ትምህርት ቤት መግባቴ ቀርቶ ከእሷ ጋር ጉሊት ተቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ለዚህ ይሆናል፣ አንድን ነገር ካልጻፍኩት የያዝኩት አይመስለኝም።

አዛውንቱን የሰጡኝ በጥር ነው። ሌላ ፎቅ ላይ ስሠራ ቆይቼ ወደሳቸው ፎቅ ያዛወሩኝ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ልጃቸው እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ኤርፖርት ነው የምትሠራው። አባቷ ሃያ ስንት ዓመት የአሰብን መስመር ሲነዱ እንደኖሩ የነገረችኝ እሷ ናት። እኔም አባቴ ሹፌር ነበር አልኳት። «እንግዲያው ይግባባሉ» አለችኝ። እዚያ ላይ ተውነው። የአሰብ ሹፌር በዚያ ዘመን አንድና ሁለት አልነበረም፤ ያገኘሁትን የአሰብ ሹፌር ሁሉ አባቴን ያውቁታል ወይ ብዬ መጠየቅ ከተውኩ ቆይቻለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ቁርሳቸውን ይዤ ገባሁና እንደምን አደሩ አልኳቸው። ዞረው አላዩኝም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች።

«ዛሬ ሸሽቷል» አሉ፣ በመስኮቱ እያዩ።

«ማን ነው የሸሸው አባባ?»

«ባሕሩ ነዋ። ዐይን የለሽም?»

አየሁ። የሠራተኞች መኪና የቆመበት አስፋልት ነው። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ስለነበር ጠርገው ዳር ዳሩን ከምረውታል።

«ያውልሽ፣ ጨው ሲከምሩ» አሉ። ከምሩ ላይ ብርሃኑ ሲያርፍ እውነትም ጨው ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ በረዶ በጣለ ቁጥር፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ የምረግጠው መሬት ምን እንደሆነ አንድ አፍታ ይጠፋብኝ ጀመር።

ክፍሉ የሁለት ሰው ነው። እሳቸው በር በኩል ባለው አልጋ ይተኛሉ፤ መስኮት በኩል ያለው ባዶ ነው። ሁለት ነገር ያደርጋሉ። አንደኛ፣ ቶስታቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን በናፕኪን ጠቅልለው የመስኮቱ ደፍ ላይ ያኖሩና ሾርባ ሳህን ይደፉበታል። ሁለተኛ፣ ትራሳቸውን አንስተው ባዶው አልጋ ላይ ያስቀምጣሉ። ሌላ ትራስ ሲሰጧቸው እሱንም ይጨምሩበታል። አንገታቸው ተጣሞ ያለትራስ ይተኛሉ።

ኃላፊዋ ነርስ የሕክምና ቻርታቸው ላይ «ምግብ ይደብቃሉ» ብላ ጽፋለች። አንድ ቀን ሳህኑን አንስታ ቁራሹን ስትጥል አዛውንቱ እንደ ሕፃን ሆድ ብሷቸው አለቀሱ።

«ድሮ እንዲህ አልነበሩም» አለችኝ። «ሳህኑን ጠርገው ነበር የሚበሉት። የጀመራቸው አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ነው።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«እኔ ምን አውቄ። ምን አስነካሻቸው?» ብላ ሳቀች።

በየካቲት መጀመሪያ ባዶው አልጋ ላይ ሰው አስገቡ፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ አእምሮው ጤነኛ፣ የተሰበረ ዳሌው እስኪድን የመጣ። በሁለተኛው ቀን ክፍል ቀይሩልኝ አለ። ነርሷ ምን ሆንክ ስትለው እግሩ የረጠበ ሰው እየገባ አጠገቤ ይቆማል አላት።

«ማታ ነው?»

«ቀን ነው እንጂ። ከምሳ በፊት። ምንም አይናገርም፤ አልጋውን ነው የሚያየው።»

እሷ ኮሪደር ላይ ወጥታ ሳቀች። እኔ ገብቼ ወለሉን አየሁ። በመስኮቱና በአልጋው መካከል እርጥበት ነበር። የፅዳት ሠራተኛዋ አሁን ወልውላ ወጥታ ይሆናል ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በኋላ ስጠይቃት ያን ቀን ያን ክፍል ገና አልደረሰችበትም። እሱንም ጻፍኩ። ሰውየውን ሌላ ክፍል አስገቡት፤ አልጋው እንደገና ባዶ ሆነ።

የጀመራቸው እኔ ከመጣሁ ወዲህ የሆነበትን ምክንያት ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ነው፤ ሳገኘው ደግሞ ከወለሉ እርጥበት የበለጠ አስፈራኝ።

አሜሪካ ስንገባ የአባታችን ስም መጠሪያችን ይሆናል። የእኔ ስም ለአፋቸው ከበዳቸው፤ የአባቴ አጭርና ቀላል ነው። ስለዚህ በሥራ ቦታ ሁሉ ለአሥራ ሁለት ዓመት በአባቴ ስም ስጠራ ኖሬያለሁ። ከመልመዴ የተነሳ የሰው ስም መሆኑን ረስቼዋለሁ፤ እንደ ባጄ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው። ያን ቀን አዛውንቱን እያበላሁ ነርሷ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ እንደ ልማዷ እየጮኸች፣ ጠራችኝ። የአዛውንቱ ማንኪያ አፋቸው ጋ ቆመ።

«መጣ» አሉ።

«ማን አባባ?»

የአባቴን ስም ጠሩ። ነርሷ በምትለው አጠራር አይደለም። አገር ቤት እንደሚባለው፣ ጠበቅ አድርገው፣ ከሰው አፍ ከሰማሁት አሥራ ሁለት ዓመት በሆነኝ አጠራር። «ሲጠሩት ሰማሁ እኮ። በየቀኑ ይጠሩታል፤ በየቀኑ አይገባም። ድርሻው በረደበት» አሉና ወደ መስኮቱ ደፍ አዩ።

ለእናቴ ያን ቀን ምንም አልነገርኳትም። የአባቴ ስም በየቀበሌው ሦስት አራት ሰው ያለው ስም ነው። አንድ የደከመ አእምሮ በየቀኑ ስም ሲጠራ ቢሰማ የሚያውቀውን አንድ ሰው መፈለጉ አይቀርም፤ ያ ሰው የእኔ አባት ነው ማለት ግን አይደለም። እንዲህ ብዬ ለራሴ አስረዳሁና ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ እኔ ጠይቄያቸው የመለሱትን፣ በቀኝ ሳልጠይቃቸው የተናገሩትን ልጽፍ። የቀኙን ብቻ ላምን።

ኮሌጅ ውስጥ የጽሑፍ መምህሬ ያን ወር የሰጠን ሥራ፣ የምናውቀውን ከተማ ለማያውቅ መንገደኛ የት እንደሚበላና የት እንደሚያርፍ የሚነግር መምሪያ መጻፍ ነበር። የክፍሌ ልጆች ስለ ላስ ቬጋስ ጻፉ። እኔ ጠዋት ጠዋት እንግልውድ እየተቀመጥኩ ስለ አሰብ ጠየቅኩ። ከአዛውንቱ የልጃቸው ስም ጠፍቷል፤ ያሉበት አገር ጠፍቷል። አሰብ ግን ድንጋይ ሳይቀር አለች። የጻፍኩት ወደ አማርኛ ሲመለስ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው፦

ከቡሬ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጎህ ሲቀድ አሰብ ይግባ። ቁርስ ከየመኖቹ ዘንድ ፉል ነው፤ ዳቦው ከምድጃ እስኪወጣ ጠብቅ፣ የቆየውን ሊሰጡህ ይሞክራሉ። ቀትር ላይ እዚያው ዓሣ አለ። ለሁለት ሰንጥቀው የሸክላው ምድጃ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ከማዘዝህ በፊት ዐይኑን እይ፤ ከደፈረሰ ሌላ አምጡ በል፤ አያፍሩም፣ ያመጣሉ። ከምሳ በኋላ ሥራ የለም፤ ውሻም አይንቀሳቀስም። ራት ደግሞ የደገኛዋ ሴት ቤት ሽሮ ነው። የምታርፈውም እዚያው ነው፤ ከጨው ማምረቻው ወዲህ፣ አጥሩ ቆርቆሮ የሆነው ግቢ። ክፍል አለኝ ብትልህ እንዳትገባ፣ ክፍሉ ምጣድ ነው። ግቢው ውስጥ፣ ከሰሌን ጥላ ሥር፣ የተደረደሩ አሥራ ሁለት የሽቦ አልጋዎች አሉ። መንገድ በኩል ያሉት አቧራ ይጠጣሉ። መሐል ያሉት የማዕድ ቤቱ ጭስ አለባቸው። ጥሩው ባሕር በኩል ያለው የመጨረሻው ነው፤ ነፋሱ መጀመሪያ እሱን ያገኘዋል። እሱን ግን አይሰጡህም።

ስለ ልማዳቸውም ጻፍኩ። ሹፌሮች ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚወርዱት። ቀድሞ የገባው ከኋላ ለሚመጣው አልጋ ይይዝለታል፤ ሲበላም ግማሹን ከፍሎ፣ ሳህን ደፍቶ ያኖርለታል። የተያዘ አልጋ ባለቤቱ እስኪመጣ፣ ወይም ከቤተሰቡ ሰው መጥቶ ልቀቁት እስኪል፣ ለሌላ አይሰጥም።

መምህሬ ወረቀቱን ሲመልስልኝ ሁሉም ግልጽ ነው ብሎ ጽፎ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ ብሎ ጠይቋል። ከጦርነቱ ወዲህ ዝግ ነው። ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጥሩው አልጋ ለምን አይሰጥም?»

ወረቀቱን ይዤ ኮሌጁ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ነገር ካልተሟላ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፣ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። የረሳሁት አይደለም።

በማግሥቱ ጠየቅኩ። መጋቢት ነው፣ ውጭ ከባድ በረዶ ጥሎ ፀሐይ ወጥታበታለች፤ ክፍሉ ዐይን እስኪያምም ነጭ ነው።

«አባባ፣ ባሕር በኩል ያለው አልጋ ለምን አይሰጥም?»

«የተያዘ ነዋ።»

«ማን ያዘው?»

ስሙን ጠሩ። በግራው ገጽ ጻፍኩ።

«ወዴት ሄደ?»

«ሊለቃለቅ ወረደ። ቀትር ላይ ገባ፤ አቧራ በአቧራ ሆኖ። ብላ ብለው፣ እንዲህ ሆኜ አልበላም አለ። ደገኛ ሲባል ኩራቱ!» ሳቁ። «ድርሻውን ከፈልኩለት። አሁን ይመጣል።»

ላጣራ ብዬ ዋሸሁ። «ያ ረጅሙ ሰውዬ ነው አይደል?» አልኳቸው። አባቴ አጭር ነበር።

ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን አተኩረው አይተውኝ አያውቁም። «አንቺ፣ ከማን ጋር ነው የምታምታቺው? ረጅም! መሪው ላይ ዐይኑ እንዲደርስ በትራስ ነው የሚቀመጠው። ስንስቅበት ነው የምንውለው።» ከዚያ ባዶው አልጋ ላይ ወዳለው ነጭ የነርሲንግ ሆም ትራስ እያዩ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ቅር ብሏቸው እንዲህ አሉ። «ይሄ እኮ የእሱ አይደለም። መያዣ ይሁን ብዬ ነው። የእሱ ቢጫ ነው፤ ዙሪያውን በቀይ ክር የተሰፋ። አልጋው ላይ አኑሮት ወረደ።»

የቀኙን ገጽ ገለጥኩ፤ መጻፍ ግን አልቻልኩም። ስለ ትራስ እኔም የማውቀው ነገር አልነበረም።

«ሄደው አላዩትም?» አልኳቸው።

«አየሁ እንጂ። ሸሚዙ ድንጋይ ላይ ነው፤ አጥፎታል። ጫማውን ከላዩ አድርጓል። ሰውየው ግን ገና ነው።»

«ለቤተሰቡ አልነገሩም?»

«ምን ብዬ?» አሉ። ድምፃቸው ወረደ። «ሸሚዙ እዚያው ነው እኮ። ሸሚዙን ጥሎ የሚሄድ ሰው አለ? ይመጣል። እኔ በማግሥቱ ጭነት ነበረኝ። ደገኛዋን፣ አደራ አልጋውን አትስጪ ብያት ወጣሁ።»

ተናደድኩባቸው። እውነቱን ለመናገር፣ የያዝኩትን የሻይ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ከሚገባው በላይ አጩኼ አስቀምጬ ወጣሁ። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ቆምኩ። ማድረቂያዎቹ ይሽከረከራሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አንድ ቃል ይዞ ኖሮ፣ ቃሉን ላለመናገር ለራሱ ሌላ ቃል አበጅቷል፤ ሸሚዙ እዚያው ነው እያለ። አሁን አእምሮው ሁሉን ጥሎ ያቺን ብቻ ይዞ ቀርቷል።

ቤት ስገባ እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። ኮቴን ሳላወልቅ፣ መልሱን እንዳልጠቁማት ተጠንቅቄ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ አባዬ ሲነዳ ምን ላይ ነበር የሚቀመጠው?»

ቢላዋዋ ቆመች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ምን ላይ ነበር?»

«ትራስ ላይ ነዋ። አጭር አይደል።»

«ቀለሙስ?»

«የበር መጋረጃ ተርፎኝ ነው የሰፋሁለት፤ ቢጫ።» ቢላዋዋን አስቀመጠችና እጇን በመቀነቷ ጠረገች። «ክር ስላለቀብኝ ዙሪያውን በቀይ ጨረስኩት። ማን ነው የነገረሽ? ተናገሪ።»

ነገርኳት። ከባሕሩ ጀምሬ ነገርኳት፤ ስለ ጨው ክምሩ፣ ስለ ድርሻው። ስለ ወለሉ እርጥበት አልነገርኳትም። ሸሚዙ ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

«አጥፎት?»

«አጥፎት።»

«ጫማውን ከላዩ?»

«አዎ።»

«ነፋስ እንዳይወስደው ነው» አለች። ከጎረቤት የሕፃናት ካርቱን ይሰማ ነበር። «ዋና አይችልም እኮ። ወንዝ ሲሻገር እንኳ ያንገራግር ነበር፣ በበቅሎ ሆኖ።»

ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም።

«ሸሚዝ የሌለው ሰው የመን ገብቶ ሚስት አያገባም» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት የመናዊት ስረግም ኖርኩ። ለሌለች ሴት ስም አውጥቼላታለሁ። ምን አድርጋኝ?» ከዚያ ሽንኩርቱን አንስታ መክተፍ ቀጠለች፤ እኔም ዕንባዋ የሽንኩርት እንዲሆንላት ወደ መኝታ ቤት ገባሁ።

ከበሩ ኋላ ሆና ጮክ ብላ ጠየቀችኝ። «አልጋው አሁንም እንደተያዘ ነው?»

«እንደተያዘ ነው።»

«እንግዲያው ውሰጂኝ።»

የአዛውንቱን ልጅ ደውዬ ሁሉን ነገርኳት። «ይምጡ» አለች። «አባቴ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። እኔን መስሎኝ ነበር።»

ኃሙስ፣ ሥራ በሌለኝ ቀን ረፋድ ላይ ይዣት ሄድኩ። ወደ ደቡብ ስንነዳ ተራሮቹ በቀኝ በኩል ነጭ ሆነው ተደርድረዋል፤ እናቴ አንድም ጊዜ አላየቻቸውም። ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳለች። ፓርኪንጉ ላይ ስትወርድ የበረዶውን ክምር አይታ «ያ ነው ጨው የሚሉት?» አለችና እግሯን እያነሳች፣ የረጠበ ቦታ እንደምትሻገር ሰው አልፋ ገባች።

አዛውንቱ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ደፉ ላይ የተደፋ ሳህን አለ።

«አልጋ ፈልገው ነው?» አሏት፣ እንደ ባለቤት። «መሐል አለ። ጭስ ካልጠሉ።»

«ባሕር በኩል ያለውን ፈልጌ ነው» አለች እናቴ።

«እሱ የሰው ነው።»

«አውቃለሁ። የእኔ ነው ሰውየው። ሚስቱ ነኝ።»

አዩዋት። የወንበሩን እጀታ ይዘው ሊነሱላት ሞከሩ። «ትራሱን የሰፉለት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ስፌቱ በአንድ በኩል ላልቶ ጥጡ ይወጣበታል ይል ነበር።»

«ራሱ ነው ያስቸኮለኝ» አለች እናቴ። «ሌሊት ካልወጣሁ ብሎ።»

አዛውንቱ ሳህኑን አነሱ፤ በናፕኪን የተጠቀለለችውን ግማሽ ቶስት በሁለት እጃቸው ሰጧት። «ድርሻው ናት። ደርቃለች፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብዙ ቆየ።»

ቶስቱ ቅቤ ተቀብቷል፤ ወሩ ዐቢይ ጾም ነው። እናቴ በጾም ከዱቄት ወተት ጋር የተነካካ ብስኩት እንኳ የማትቀምስ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ በማይገባት እንግሊዝኛ የዕቃ ጀርባ የምታስነብበኝ ሰው ናት። ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሷ ቆማ፣ አማትባ፣ ቶስቱን እስከ ፍርፋሪው በላችው። ናፕኪኑን አጥፋ ያዘች።

«አሁን አልጋውን ልቀቁት» አለች።

«ሸሚዙ እኮ…»

«ሸሚዙን እኔ እወስደዋለሁ። አይመጣም። እርስዎ ድርሻውን ጠብቀዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ልቀቁት።»

መስኮቱን አዩ። ያን ቀን ባሕሩ ሞልቶ ይሁን ሸሽቶ አልተናገሩም። ከዚያ ትራሱን እንዳቀብላቸው በእጃቸው አመለከቱኝ። ሁለቱንም አምጥቼ ሰጠኋቸው፤ አንዱን ከጀርባቸው አደረጉት፣ ሌላውን ዕቅፋቸው ውስጥ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ጥቁር ቀሚሷን አወጣች። ለካ ነበራት። ከሻንጣዋ ሥር፣ እንደታጠፈ፣ ካገር ስንወጣ ይዛው መጥታለች። ካህኑ ዘንድ ስለ ፍታቱና ስለ ተዝካሩ ደውዪልኝ አለችኝ፤ ስሙን ሲጠይቁኝ በአገር ቤቱ አጠራር፣ ከነክርስትና ስሙ እንድነግራቸው አስጠነቀቀችኝ።

ማግሥቱን ሥራ ገባሁ። ትራሱ ባለቤቱ አልጋ ላይ ነው፤ አዛውንቱ አንገታቸውን አቃንተው ተኝተው ነበር። ቶስታቸውን ሁለቱንም ግማሽ በሉ። በሳምንቱ መስኮት በኩል ያለው አልጋ ሰው ገባበት፤ ስለ እርጥብ እግር ያማረረ የለም።

ነርሷ ያን ቀን ከኮሪደሩ ጫፍ እየጮኸች የአባቴን ስም ጠራች። አዛውንቱ ቀና አላሉም፤ ሻይ ያማስላሉ። እኔም ማንን ነው የምትጠራው ብዬ ቆየሁ። ሁለተኛ ስትጠራ ነው አቤት ያልኩት።